ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ኢንተርኔት

ወላጅ መፍራት ይወዳል እንጂ መርጦ መፍራት አያውቅበትም። የሚፈራውን በፊት በር ቆሞ ሲጠብቅ፣ ያላሰበው በጓሮ በኩል ይገባል።

ልጄ ቤዛ ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ሊገባለት ነው ተብለን ወላጆች ተሰበሰብን። ኧረ ስንቱን ፈራን! አንዲት እናት ኤሌክትሪኩ ልጆቹን እንዳይዛቸው ፈሩ። አንዱ አባት ሌባ ፈሩ፤ መስኮቱ በብረት ታጠረ። ዳይሬክተሩ አቧራ ፈሩ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ማንም እንዳይገባ አዘዙ። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡት ሐጂ ሙሜ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ነገር አስጨንቋቸው፣ «ወላሂ፣ ይሄ ነገር የልጅ ዓይን ያበላሻል» ብለው ተነሱ።

እኔ ዘመናዊው፣ «ሐጂ፣ እዚያ ውስጥ የሌለ ነገር የለም እኮ። ዓለም በሙሉ አለበት» ብዬ ተከራከርኩ።

«እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል?» አሉኝ።

ቤት ስገባ ለቤዛም ይህንኑ ደገምኩላት። የሌለበት የለም አልኳት። ልጅ ደግሞ አባቱን ያምናል።

ክፍሉ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ጫማችንን በር ላይ ትተን ገባን። ዓለም በሙሉ ያለበት ክፍል የሚሸተው ካልሲ ካልሲ ነበር። የእኔ አውራ ጣትማ ከካልሲው ወጥቶ እንግዳ ይቀበላል። አስቴር ብትኖር እንዲህ ሆኜ ከቤት አልወጣም ነበር። ባለቤቴ ናት፤ ካረፈች ዓመት አልሞላትም።

ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። መምህሯ ቤዛን አስቀመጧትና «የምትፈልጊውን ጻፊ» አሏት። ልጄ ፊደል እየለቀመች የእናቷን ስም ከነአያቷ ስም ጻፈች።

ምን ላድርግ? ገመዱን ልንቀል? ዓለም ለካ በአስቴር ሞልቷል! ሙሽራ አስቴር፣ ነጋዴ አስቴር፣ የምረቃ ጋውን የለበሰች አስቴር። ቤዛ አንድ በአንድ እያየች «እሷ አይደለችም፤ ይቺም አይደለችም» ትላለች።

ሐጂ ጎንበስ ብለው እነዚህ ሴቶች እነማን እንደሆኑ ጠየቋት።

«እማዬን እየፈለግኩ ነው። አባዬ የሌለበት የለም ብሎኛል።»

ለምን አባቷን አልጠየቀችም ትሉ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ የአስቴር ስም ሲነሳ እኔም ተነስቼ እወጣለሁ። ታዲያ ማንን ትጠይቅ?

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሸዋ በር ሰፈሯን አስቴርን ነው? እሷን እዚህ ሳጥን ውስጥ ምን ያስፈልጋታል? እኔን ጠይቂኝ እንጂ ልጄ! በርበሬዬን ቀምሳ ‹ሐጂ፣ ይሄ ያቃጥላል ወይስ ያባብላል?› እያለች ገበያውን ሁሉ ታስቅብኝ ነበር» አሉ።

ቤዛ ወንበሯን ከኮምፒውተሩ ወደ ሐጂ አዞረች። «ከዚያስ?» አለች።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ኤሌክትሪክ የፈሩት እናት፣ አስቴር ባጃጅ ውስጥ ስትዘፍን ሾፌሩ መንገድ የሳተበትን ቀን አመጡ። ሌላዋ ሌላ አመጡ። ምንጣፉ ላይ በባዶ እግር ተቀምጠን ለቅሶ ቤት መስለናል። ግን በለቅሶው ሰው ሁሉ «አይዞህ» ብሎኝ ሄደ እንጂ ስለ እሷ ያወራልኝ አልነበረም። መምህሯ «ኧረ ኢንተርኔቱ!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤዛ ሐጂ ሱቅ ካልሄድን ትላለች። ሰው የሚያውቀው ወሬ መቼም ያልቃል፤ የሐጂ ግን ጭራሽ እየበዛ ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ አስቴር ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ መንገድ ላይ ጅብ በዘንቢል መትታ አባረረች። የእኔዋ አስቴር! ፍየል ስታይ ከጀርባዬ የምትሸሸገዋ!

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ጣሪያው ያያሉ። ቤዛ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው አባዬ?»

«ሐጂ ረስተውት ነው» አልኳት። «ጅቦቹ ሁለት ነበሩ።»