የቱቦ ፍተሻ በማዋለጃው ክፍል ደጃፍ

(የሆስፒታል ግቢ፣ ረፋድ ላይ። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌርና አማቹ፣ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ላይ አጎንብሰዋል። የሾፌሩ ልጅ፣ ማለትም የአማቹ ሚስት፣ ፎቅ ላይ ምጥ ይዟታል።)

ሾፌሩ፦ አይሸተትም አልኩህ! ቱቦ ይጨመቃል እንጂ ይሸተታል?

አማቹ፦ «በስብሷል» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የበሰበሰ ነገር ይሸታል ብዬ ነው።

ሾፌሩ፦ የጎማ መበስበስ በእጅ ነው የሚታወቀው! ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ስጨብጥ፣ አንድ ቀን ቱቦ ያሸተተ ሾፌር አላየሁም። እነዚህን ሁለቱን ታያቸዋለህ? ከሞተሩ ተነስተው ወደ ውስጥ የሚገቡትን?

አማቹ፦ አየኋቸው። የት ነው የሚሄዱት?

ሾፌሩ፦ ማሞቂያው ጋ ነዋ! አንደኛው የሞቀ ውሃ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ይመልሳል።

አማቹ፦ ከወሰደ በኋላ ለምን ይመልሰዋል? አልተስማማውም?

ሾፌሩ፦ (ወደ ፎቁ መስኮት እያየ) ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት! አንተ፣ ውሃው እየዞረ ነው የሚያሞቀው! የልጅ ልጄን በዚህ ብርድ፣ በዚህ መኪና ነው የምንወስደው። ቱቦው መንገድ ላይ ቢፈነዳስ? በል ጭመቅ።

አማቹ፦ (እየጨመቀ) ጨመቅሁት። ምንም አልወጣውም።

ሾፌሩ፦ ሎሚ አደረግኸው እንዴ! ከለሰለሰ አርጅቷል፣ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። የትኛው ነው?

አማቹ፦ የትኛውም አይደለም።

ሾፌሩ፦ ዞር በል! (ይጨምቃል) ይኸው! ጥጥ ሆኗል! ጫፉ ላይማ ጭራሽ አብጧል።

አማቹ፦ ያበጠው የእርስዎ ጣት ነው አባባ። ቅድም ኮፈኑ የቆረጠመዎት።

ሾፌሩ፦ (ጣቱን ኪሱ ውስጥ እየከተተ) ጣቴን ተወው! ሁለቱም ይቀየራሉ። መለዋወጫ አለህ?

አማቹ፦ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሁለት ቱቦ አለ። ግን...

ሾፌሩ፦ «ግን» የሚባል ዕቃ መኪና ውስጥ የለም። አምጣ! (ቀና ብሎ ጆሮውን ያቆማል) ቆይ... የሷ ድምፅ አይደለም?

አማቹ፦ የበር ድምፅ ነው። ቱቦውን አባባ፣ ቱቦውን።

ሾፌሩ፦ አዎ... ቱቦውን። ካቻቢቴ አቀብለኝ። መጀመሪያ ማሰሪያውን ታላላለህ። ከዚያ ቱቦውን ሳትጎትት እንዲህ ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ። መጨረሻ ላይ ባልዲ ከሥር ታደርጋለህ።

አማቹ፦ ባልዲው ቢቀድምስ?

ሾፌሩ፦ አሁን አንተ ልታስተምረኝ ነው? (ቱቦው ይወጣል። ውሃው በሾፌሩ እጅጌ ገብቶ በብብቱ ይወርዳል።)

አማቹ፦ ባልዲውን አሁን ላምጣ?

(ከአንድ ሰዓት በኋላ። ሾፌሩ የመጨረሻውን ማሰሪያ አጥብቆ ወገቡን ይዞ ቀና ይላል።)

ሾፌሩ፦ ዕቃ ማለት ይሄ ነው! ወፍራም፣ ጠንካራ፣ የድሮ ሥራ! ያንን የበሰበሰውን ከመሬት አንስተህ ጣልልኝ።

አማቹ፦ እሺ አባባ። (ከመሬት አንስቶ በጨርቅ ይወለውለዋል)

ሾፌሩ፦ ምን ታጥበዋለህ? ልትቀብረው ነው? ውሃ ሙላና አስነሳ!

(አማቹ ውሃ ሞልቶ ሞተሩን ያስነሳል። የተገጠመው ቱቦ ፊስስስ ብሎ የሾፌሩን ሸሚዝ ያርሰዋል።)

ሾፌሩ፦ አጥፋ! አጥፋ! አዲስ ቱቦ እንዴት ይተፋል?

አማቹ፦ (ወርዶ እየመጣ) አዲሱማ ይኸው እጄ ላይ ነው አባባ። እርስዎ የገጠሙት አሮጌውን ነው። ባለፈው ወር ራሴ ቀይሬ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የጣልኩትን።

ሾፌሩ፦ (ፊቱን እየጠረገ) እና... ይሄን ሁሉ ሰዓት ስፈታና ስገጥም ቆመህ ታየኛለህ?

አማቹ፦ ምን ላድርግ፣ ባለቤትዎ ናቸው ያዘዙኝ። «ሰውዬው አዋላጆቹን ማዋለድ ማስተማር ጀምሯል። ሁላችንንም ሳያስባርረን ወደ ታች ውሰድና የሚፈታው ነገር ስጠው» አሉኝ።

ሾፌሩ፦ ምን አስተማርኩ! «ቀስ በሉ» ብቻ ነው ያልኩት።

አማቹ፦ «ማርሽ ቀንሱ» ነው ያሉት።

(ስልክ ይጮኻል። አማቹ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፤ ሌላው እጁ ቱቦ ስለያዘ ለሾፌሩ ያቀብለዋል።)

ሾፌሩ፦ አቤት!... ምን?... ሴት?... ሁለቱም ደህና?... ተመስገን! ተመስገን! (አማቹን አቅፎ) አባት ሆንክ እኮ! ሴት ልጅ! እናቲቱም ደህና ናት! ና እንሩጥ!

አማቹ፦ አባባ... ልወድቅ ነው መሰለኝ።

ሾፌሩ፦ ቆይ፣ ቆይ! መውደቅም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጉልበትህን ታጥፋለህ። ቀጥሎ እጅህን እንዲህ ትዘረጋለህ። ከዚያ ቀስ...

(የሾፌሩ ዓይን ይገለበጣል። ባለበት ተዝለፍልፎ አስፋልቱ ላይ ዝርግት ይላል።)

አማቹ፦ (አጠገቡ ተንበርክኮ በጨርቁ እያራገበለት) እስካሁን ገብቶኛል አባባ። ከዚያስ?