የተሰበረ እግር ላይ ጭነት

እኛ በሽተኛ መጠየቅ እናውቅበታለን። ያልቻልንበት ማስታመሙን ነው። ታሞ ያልተጠየቀ ሰው ሞቶ ያልተቀበረ ያህል ያሳፍረናል፤ ስለዚህ በሽተኛው ቦታ እስኪጠበው ድረስ አልጋው ላይ ተደርድረን «አይዞህ» እንለዋለን። ያኔ ነው መታመሙ የሚገባው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ ሆስፒታል አያ ፈንታሁንና እኔ ጎን ለጎን ተኝተን ነበር። ወደ ሰሊጥ አጨዳ የሚወስደን ትራክተር ተገልብጦ የሁለታችንም ጭን ባንድ ቅጽበት ተሰበረ። ጭን የሚገጥመው የብረት ዘንግ በጦርነቱ የተነሳ ጠፍቶ «ቡክራ ይመጣል» ይሉናል። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ እናንተ ግን አትመኑ። እስኪመጣ ሐኪሙ ከጉልበታችን በታች ሽቦ አሳልፎ፣ በገመድ አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠለጠለብን። ከረጢቱ እግሩን ካልሳበው የተሰበረው አጥንት እየተነባበረ እግር ያጥራል ብሎ አስጠነቀቀን።

አያ ፈንታሁን ወገኑ ብዙ ነው። ወገኖቹ ከሚኖሩባት ከሾዋክ ከተማ አውቶቡስ በደረሰ ቁጥር ክፍሉ በጠያቂ ይሞላል። መሪያቸው አክስቱ እቴቴ ጥሩዬ ከረጢቱን ሲያዩ ደረታቸውን ደቁ።

«ወይኔ ልጄን! የተሰበረ እግር ላይ ጭነት? አህያ እንኳ ስታነክስ ይራገፍላታል!»

ከረጢቱን አንስተው አልጋው ላይ አስቀመጡት። አያ ፈንታሁን እፎይ አለ፤ ወገን ሁሉ መረቃቸው። ሐኪሙ ሲመጣ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ይህ መድኃኒት ነው፣ አትንኩ!» ብሎ ከረጢቱን መልሶ አንጠለጠለው። «ሐድር፣ ያ ዶክቶር» ብለው ባንድ አፍ እሺ አሉ። ጀርባውን ሲያዞር ከረጢቱ አልጋው ላይ ወጣ። በየጉብኝቱ እንዲሁ ሆነ። ብቆጣቸው፣ ጠያቂ ስለሌለህ ቀንተህ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቀንቼ ነበር። የእኔን አሸዋ የነካው ሰው አልነበረም።

ብረቱ መጣ። ለእኔ ያለ ችግር ገባ። የአያ ፈንታሁን አጥንት ግን ተነባብሮ ስለከረመ፣ ሐኪሙ ጫፍ ጫፉን ቆርጦ አገናኘው። እግሩ ሁለት ጣት አጠረ። ወገን ተሰብስቦ ፈረደ፤ ያሳጠረው ሐኪሙ ነው። «ያን ጭነት ሲያንጠለጥል ነው የጠረጠርኩት» አሉ እቴቴ ጥሩዬ።

የወጣን ዕለት አያ ፈንታሁን እያነከሰ ብቅ ሲል በሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔ በሁለት እኩል እግር፣ በክራንች ተደግፌ ከኋላው ወጣሁ። ያየኝ የለም። እንዲህ ቀጥ ብሎ መቆም ምን ይረባል ብዬ ሆድ ባሰኝ።

ለካ እቴቴ ጥሩዬ አይተውኛል። «አንተስ ልጄ፣ ማን አለህ? ና፣ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ» ብለው ውጭ ወደሚጠብቃቸው ሎሪ ጎተቱኝ። እንባዬ መጣ።

ክራንቼን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሐኪሙ አጥንቱ እስኪጠና ያለዚህ እንዳትረግጥ ብሎኛል» አልኳቸው።

«ምስኪን! በዚህ በታመመ ጎንህ ደግሞ ይህን እንጨት አሸከመህ? አምጣው፣ እኛ አለንልህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠኋቸው።