ግእዝ የሌለው ማለስለሻ

ቤት የሚሠራ ሰው ጠላቱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሌባ እንዳትሉኝ። ዝናብም አይደለም። ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ነው። ሥራውን የማይወደውማ እንደ ነገሩ ለቅልቆ ይሄድላችኋል። የሚወደው ግን ግድግዳችሁ ሥር ቆሞ ይከራከራል።

እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን የምላችሁ ልኩራራባችሁ ብዬ አይደለም፤ በቀላሉ የምቆጣ ሰው አለመሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። ክፍልፋይ ለስድሳ ተማሪ ያስረዳ ሰው ትዕግሥቱ ተፈትኗል። በዚያ ሳምንት ግን ተቆጥቻለሁ። አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከእናቴ ልጀምር። እናቴ ስማዳ፣ ከወገዳ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ብቻዋን ትኖር ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት፣ ሐኪም ዘንድ የሄድነውም ከረፈደ ነውና፣ ዛሬ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የምትለየው። ከእኛ ጋር ኑሪ ብዬ ሁለት ዓመት ለመንኋት። እንቢ አለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ አግዞኝ በመጨረሻ እሺ ያለችው በአንድ ውል ነው። "ከመኝታዬ ተነሥቼ ደጅ ስወጣ እጄን የሚይዘኝ ሰው እንዳይኖር። አንድ ቀን የያዘኝ እንደሆነ ወደ ቤቴ ትመልሰኛለህ" አለችኝ። እናቴ እንዲህ ካለች አለች ነው።

እሺ ብዬ ማልሁና ክፍል ማሰናዳት ያዝሁ። ክፍሏ ሁለት በር አላት። አንዱ ወደ ሳሎን ይወስዳል፣ አንዱ ወደ ጓሮ፣ ወደ ሽንት ቤቱ። እናቴ የምትሄደው ግድግዳ እየዳበሰች ነው። ታዲያ ግድግዳ የሚዳብስ እጅ ምን ይፈልጋል? ለስላሳ ግድግዳ። የሚቧጭረው፣ የሚወጋው ነገር እንዳይኖር። የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ስሌቱን በደቂቃ ሠራሁት። ከሲሚንቶው ልስን በላይ በጂፕሰም እንዲለሰልስ ወሰንሁና፣ አንድ ሰው መቅጠር ስችል ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ሁለት ቀጠርሁ።

አንዱ ጋሽ አዱኛ ናቸው። በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ቆይተው፣ ድምፃቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወደ ግንበኝነት የዞሩ ሰው ናቸው። ድምፁ ቀረ እንጂ ክርክሩ አልቀረም። ሌላው ስመኘው ይባላል። ደብረ ታቦር ሙያ ተምሮ መጥቶ፣ የጎደለውን ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየ የሞላ ለሳኝ ነው። ሁለቱም እጃቸው ይመሰገናል። ምነው ባይመሰገን።

ጋሽ አዱኛ ከከረጢታቸው የብረት ማለስለሻቸውን አወጡ፤ እጀታ ያላት፣ ከመሥራት ብዛት ጠርዟ የሳሳ ዝርግ ብረት ናት። ስመኘው ደግሞ እሷኑ የምትመስል ነጭ ፕላስቲክ መዘዘ። መዘዘ ያልሁት ዝም ብዬ አይደለም። ተያዩ። ጂፕሰሙ ባልዲ ውስጥ ተበጥብጧል።

ስመኘው፣ ብረት ነጩን ጂፕሰም ያጠቁረዋል፣ እርሳስ የተጫረበት ያስመስለዋል፣ ፊኒሺንጉን ይገድለዋል አለ። ጋሽ አዱኛ፣ የሚያጠቁረው ብረቱ አይደለም፣ ብረቱን የማያጥበው ሰነፍ ነው አሉ። ፕላስቲክ ግን ይለመጣል፤ ራሱ ያልቀና ነገር ግድግዳ ያቀናል ወይ? ስመኘው፣ መለመጡ ነው እኮ ጥቅሙ፣ ግድግዳውን ይከተላል አለ። ግድግዳው ነው እንጂ እኔን መከተል ያለበት አሉ ጋሽ አዱኛ።

ከዚያማ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ብረት በግእዝ ኀፂን ይባላል፣ መጽሐፍ ያውቀዋል አሉ ጋሽ አዱኛ። ፕላስቲክን ማን ያውቀዋል? ግእዝ የሌለው መሣሪያ እኔ ባለሁበት ግድግዳ አይነካም። ስመኘውም ቀላል ሰው አይደለም። "እሺ ጋሼ፣ ጂፕሰምስ በግእዝ ምን ይባላል?" አላቸው።

ጋሽ አዱኛ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቅኔ እንደሚቆጥር ተማሪ ግንባራቸውን በጣታቸው ይዘው አሰቡ። አስበው ሲጨርሱ ጂፕሰሙ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።

ጂፕሰም ጉባኤ አይጠብቅም። ሁለተኛው ባልዲ የደረቀው "ከኖራ ይቆጠራል"፣ "አይቆጠርም" ሲባባሉ ነው። ሦስተኛው የደረቀው እኔ መሀል ገብቼ ስቆጣ ነው፤ እሱን በእኔ ያዙት። ሰዎች፣ እናቴ እሑድ ትገባለች፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ግድግዳ ይለስናል ሲባል ግን አልሰማሁም አልኋቸው። ይህን ስናገር ድምፄ ጎረቤት ደርሷል አሉ።

በመጨረሻ ሁለት ሁለት ግድግዳ ተካፈሉ። እዚያም ላይ አላበቃም። ስመኘው የስልኩን መብራት አግድም እያበራ በጋሽ አዱኛ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጭረት ያድናል። ጋሽ አዱኛ ጉንጫቸውን በስመኘው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ማዕበል ይፈልጋሉ። እኔ የከፈልሁት ለልስን ነው ወይስ ለምርመራ? ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ያምር ነበር። ዝንብ የሚያንሸራትት ግድግዳ አወጡ።

እሑድ እናቴ መጣች። ሁለቱም ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። "እማማ፣ እስኪ ይዳብሱትና ይፍረዱ፤ የቱ ይለሰልሳል?" አሏት። የመንገዱን አቧራ እንኳ አላራገፈችም። ዳበሰች። አራቱንም፣ ቀስ ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር። "ሁሉም አንድ ነው" አለች።

ስመኘው ከጋሽ አዱኛ እኩል ወጣሁ ብሎ ፈነደቀ። ጋሽ አዱኛ ከፕላስቲክ እኩል መውጣት ውርደት ነው ብለው አኮረፉ። የእናቴ ፊት ለምን እንደ ጠቆረ ግን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ለምሳ ስመለስ እናቴ ልብሷን ቋጥራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ምን ሆንሽ? ባለቤቴ ነገረችኝ። ረፋዱ ላይ ሳሎን እንግዶች ነበሩ፣ የሰፈር ሴቶች። እናቴ ወደ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብላ ግድግዳዋን ዳብሳ፣ በር ከፍታ፣ መቀነቷን እየፈታች የወጣችው እነሱ መሀል ነው። ባለቤቴ ደንግጣ ሮጠች። እጇን ያዘቻት።

"መልሰኝ" አለችኝ እናቴ።

"ኧረ እምዬ፣ በሩን ስተሽ ነው፤ ትለምጂዋለሽ" አልኋት።

"ምኑን ይዤ ልልመደው? የወገዳውን ቤቴን የመረግሁት በገዛ እጄ ነው። በጓዳው በኩል ጭዱ በዝቶ ይወጋኛል። በደጁ በኩል አውራ ጣቴ ያለፈበት ስርጉድ አለ። እጄ ስርጉዱን ሲያገኘው ደጅ ደረስሁ እላለሁ። ይኼ የእናንተ ግድግዳ እንቁላል ነው። እንቁላል ፊትና ኋላ አለው?"

ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ። ሁለቱን ሌላ ሰው ቤት ሲለስኑ አገኘኋቸው። ያለኝን ሁሉ አወረድሁባቸው። እናቴን አሳደዳችኋት፣ በሰው ፊት አዋረዳችኋት፣ ማን ነው እንዲህ አለስልሱት ያላችሁ?

"አንተ" አሉኝ ጋሽ አዱኛ።

ብረታቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል አልሰማህም? እኛስ እሺ፣ በመሣሪያ ተጣላን። አንተ እናትህን ምን ዓይነት ግድግዳ ትወጃለሽ ብለህ ጠይቀሃታል?"

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። አልጠየቅኋትም። ስሌቱን ስሠራ እሷ ውስጡ አልነበረችም። ተናድጄ ስለነበር ለማፈርም ጊዜ ወሰደብኝ።

አብረውኝ መጡ። እናቴ ጭቃና ጭድ አምጡልኝ አለች። ስመኘው፣ ጭቃ ጂፕሰም ላይ አይዝም ሲል ጋሽ አዱኛ በብረታቸው ጠርዝ ያንን ሁለት ቀን የተከራከሩበትን ልስላሴ ከአልጋው እስከ ጓሮው በር ድረስ፣ በወገቧ ልክ፣ ጫር ጫር አደረጉት። ስመኘው ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃውን በእግሩ ረገጠ። ኋላ ጋሽ አዱኛም ገቡበት። ሁለቱ አንድ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሳይከራከሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልትጀምር ስትል ግን አመላቸው አልለቀቃቸውም፤ አንዱ ብረቱን፣ አንዱ ፕላስቲኩን በየእጇ አስያዟት። ዳበሰቻቸው። "ይኼ ምንድን ነው? እጅ የላችሁም እንዴ?" ብላ መለሰችላቸው። በመዳፏ እየመታች፣ በጣቶቿ እየሳበች፣ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቡናማ መቀነት ነጩ ግድግዳ ላይ አስታጠቀችው። በሩ ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷን ጭቃው ውስጥ ሰደደችና ሳበችው። ከዚያ ተመልሳ፣ እጇን ታጥባ፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይታ ተነሣች። እጇን ጭቃው ላይ አድርጋ መራመድ ያዘች። እኔ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ብትስት ልይዛት እጄን ዘርግቻለሁ። እየቀረበች መጣች። መዳፏ ጎኔን ነካ። ቆመች። የለበስሁትን ኮት ዳበሰችው፣ ከኋላው ያለውን ጭቃ ዳበሰችው።

"ወግድ" አለችኝ፤ "ምልክቴን አለሰለስህብኝ።"