የዋንግ ሞክሼዎች

ሰው በሙያው ቢኮራ ያባት ነው፤ በሞክሼው የሚኮራውን ግን ምን እንበለው? እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው ያን ጊዜ ሰቆጣ ብቅ ብትሉ ኖሮ ሞላን አሳያችሁ ነበር።

ሞላ መንገድ ሊሠሩ የመጡት ቻይናዎች ካምፕ ዘበኛ ነው። አለቃው ዋንግ ይባላል። የካምፑ አስተርጓሚ አንድ ቀን «በቻይና ታሪክ ዋንግ የሚባል ታላቅ ሰው ብዙ ነው» ብሎ ቢያጫውተው፣ ሞላ ልቡ አበጠና የበኩር ልጁን ዋንግ ብሎት አረፈ።

በክርስትናው ድግስ ላይ ብድግ አለ። «ዋንግ የሚባል ንጉሥ ነበር! ዋንግ የሚባል ባለቅኔ ነበር! የጦር አበጋዝም፣ ሐኪምም ነበር! ልጄ የእነዚህ ሁሉ ሞክሼ ነው!» አብሯቸው ያደገ ነበር የሚመስለው። ሲጠፋበት አጠገቡ የተቀመጠው አስተርጓሚ ሹክ ይለዋል። እኛስ? አጨበጨብና! የሰው ጠላ እየጠጣ ማን ይከራከራል?

ከደሃና ወረዳ ለድግሱ የመጡት የሞላ አባት ብቻ አላጨበጨቡም።

«ልጄ፣ ሕፃኑ አድጎ ዘርህን ቁጠር ቢባል ምን ይበል?»

«የዋንጎች ሞክሼ ነኝ ይበላ፣ አባባ!»

«ይሁን። እስኪ አሁን አንተ የኛን ቁጠርልኝ። አባትህ እኔ ነኝ፤ አያትህ ተሰማ ነው። የተሰማ አባት ማን ይባላል?»

ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጣሪያውን አየ። ከዚያ እንደለመደው ወደ አስተርጓሚው ዞረ።