አያ አንለይ መሮ ሲመርጡ

ከሰነፍ ጋር መኖር ይቻላል፤ ቢያንስ ይተኛል። መራጭ ግን ከጧት እስከ ማታ ቆሞ ይውላል፤ ሥራውም መምረጥ ነው። በየከተማው አንድ አይጠፋም። ወረታ ለዚህ ወገን ሊቀ መንበር ብትሰይም አያ አንለይ ያለ ተቃውሞ ባለፉ ነበር። ወንበሩን መርጠው እስኪቀመጡ ግን የሥልጣን ዘመናቸው ያልቃል።

አያ አንለይ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ከዋንዛ ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይፈለፍላሉ፤ ለጨው፣ ለድቁስ። ይፈለፍላሉ ማለቴ፣ ሊፈለፍሉ ይሰናዳሉ። ግድግዳቸው በመሮ ተሞልቷል፤ ቀጥ ያለ፣ ጎባጣ፣ አፉ እንደ ማጭድ የተቆለመመ። አብዛኛው የመኪና ባሌስትራ ነበር። በጎንደር መንገድ የጭነት መኪና ሲሰበር ሹፌሩ ራሱን ይይዛል፤ እሳቸው ደርሰው የትኛው የባሌስትራ ቅጠል እንደ ተሰበረ ይጠይቃሉ።

ይፋግ ገበያ ብረት ሲገዙ ማየት ነው። ያሸቱታል፣ በጥፍራቸው ይመቱታል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ያስጠጉታል፤ ግራው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰማም። «ይህ አኩራፊ ነው» ብለው ይመልሱታል። ቀጥቃጩም አብሮ ያኮርፋል።

እውነት የላቸውም አልልም። ትልቅ መሮ በትንሽ ሳህን ሆድ ውስጥ አይዞርም፤ ትከሻው የሳህኑን ከንፈር ይመታል። ቀጥ ያለው ጎኑን ይወርዳል እንጂ ከታች ጥጉ ላይ አይታጠፍም። ቆልማማው ይታጠፋል፤ አፉ ከልክ በላይ ከሾለ ግን እንጨቱን ነክሶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳህን ጉባኤ ይጠራል፤ ጉባኤተኛውም እሳቸው ብቻ ናቸው።

የእጅ ሥራ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ማረው ለአብዮት በዓል እንግዶች የድቁስ ሳህን አዝዘው ነበር። መሮ ሲመረጥ በዓሉ አለፈ፤ ድቁሱም በቆርቆሮ ክዳን ቀረበ። ጓድ ማረው ተቆጥተው ሲመጡ አያ አንለይ የዘወትር ቃላቸውን ሰጧቸው።

«እንጨቱን ማን ጠየቀው?»

«አያ አንለይ፣ እንጨቱ የማኅበሩ አባል አይደለም» አሉ ጓድ ማረው።

«እንግዲያው ይመዝገብ።»

በመጨረሻ እኔም ደንበኛ ሆንሁ። ባለቤቴ ደብረወርቅ ካረፈች በኋላ የጨው ሳህኗ ተሰነጠቀ። ለሙት ዓመቷ አምሳያው እንዲደርስልኝ ፈለግሁ፤ ካህናቱ ለማዕድ ሲቀመጡ ጨዉ እሷ ታቀርበው እንደነበረው እንዲቀርብ። ከአጥራችን የዋንዛ ጉማጅ ይዤ ሄድሁ። አያ አንለይ ጉማጁን ተቀበሉና መሮ መምረጥ ጀመሩ።

ከሥራ ስመለስ ጎራ እል ጀመር። እሳቸው አንዱን ያወርዳሉ፣ ሌላውን ይሰቅላሉ፤ እኔ ያኖሩልኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሳህኑ እንደማይደርስ ልቤ ቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ለራሴ ያህል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኑሮ መሮኛል» አልሁ።

«የትኛው መሮ?» አሉ አያ አንለይ። «ቀጥ ያለው ነው ቆልማማው?»

ሳቅሁ። ደብረወርቅን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። የጆሮ መድከም ለዚህም ይጠቅማል ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሳህኑ በሙት ዓመቷ ዋዜማ ደረሰ። ስስ ነው፤ ውስጡን በጣት ቢዳስሱት የመሮ ዱካ የለበትም። ጨዉ በወጉ ቀረበ። በማግስቱ ላመሰግን ሄጄ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት፤ በርጩማው ሁልጊዜም በቀኛቸው፣ በደህናው ጆሯቸው በኩል ነበር።

«እንግዲህ ሥራችን አለቀ» አልሁ ብቻ።

«ክዳኑስ? ጨው ያለ ክዳን ይረጥባል» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ለክዳን ደግሞ ይህ ሁሉ መሮ አይሆንም።»

ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ ክዳኑ ገና ነው። እኔም ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። ትናንት አንዱን መሮ አውርደው፣ አፉን ስለው፣ ቶርኖውን ሊረግጡ እግራቸውን አነሡ። ደነገጥሁ።

«አያ አንለይ፣ እንጨቱን ማን ጠየቀው?» አልኋቸው።

ጥቂት አዩኝ። «እውነትህን ነው» ብለው መሮውን መልሰው ሰቀሉት።