ለአንድ ሰው ብቻ የሚታይ ፎቶ

ግድግዳ ማለት በውጭ በኩል ነፋስ የሚከለክል፣ በውስጥ በኩል ደግሞ እንግዳ ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ በትዕግሥት የሚያየው ነገር ነው። ሮቤ ላይ ነፋሱም እንግዳውም ስለማይጠፉ፣ ምን ይሰቀልበት የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የቤት አከራዬ ወይዘሮ ዘይነባ የሟች ባለቤታቸውን የጋሽ ኢብራሂምን ፊት ሳሎናቸው ውስጥ ማየት አማራቸው። የጋሽ ኢብራሂም ታላቅ ወንድም ሐጂ ከድር ግን በሚሰገድበት ቤት የሰው ምስል አይሰቀልም ባይ ናቸው።

"ሐጂን ማስቀየም አልፈልግም" አሉኝ ዘይነባ። "ግን ፊቱ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ።"

ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ኮምፒውተር ስለሆነ መፍትሔው ከእኔ ይጠበቃል። ፎቶን ሥዕል የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለት ምስል ትሰጧቸዋላችሁ፤ የአንዱን ቀለምና አሣሣል ለሌላው ያለብሱታል። ሰው ሲያወዳድራቸው የቱ ይፈጥናል፣ የቱ ያምራል ይላል። የእኛ መመዘኛ ሌላ ነበር፤ ሐጂ ሥዕሉ ላይ ሰው ማየት የለባቸውም፣ ዘይነባ ባላቸውን ማጣት የለባቸውም።

ለልብስነት ዲንሾ ሄጄ ያነሣሁትን የገብስ ማሳ ፎቶ ሰጠሁ። በስልክ የሚሠራው ፕሮግራም ወዲያው ጨረሰ፤ ጋሽ ኢብራሂም ገለባ የተነሰነሰባቸው ጋሽ ኢብራሂም ሆኑ።

"ይሄንማ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ያውቀዋል!" አሉ ዘይነባ።

ሁለተኛው ፕሮግራም ኮምፒውተሬን ግማሽ ቀን ሲያግል ውሎ ንጹሕ ገብስ አወጣ። ዘይነባ መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፤ ደግመው ፈለጉ። "ኢሳ ሚቲ፤ እሱ አይደለም" አሉ፣ ድምፃቸው ቀንሶ።

ጋሽ ኢብራሂም ፈረስ ሲጭኑ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ሞከርን። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ምስል እንደ አዲስ ስለሚሥለው ሰውየው ከራስ እስከ እግር ተንቀጠቀጡ።

"ወላሂ እሱ ብርድ አያውቅም! አጥፋው።"

ሦስተኛው ፕሮግራም የሚያለብሰውን ቀለም ብዛት በትንሽ በትንሹ ያስመርጣል። "ጨምር" አሉ። "ጨምር… ቁም!" ለእኔ የሚታየኝ ገብስ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"የት ጋ ናቸው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ለአንተ ምን ያደርግልሃል?"

አሳትመን ሰቀልነው። ዓርብ ሐጂ ከጎባ መጡና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"ምንድን ነው?"

"የገብስ ማሳ ነው፣ ሐጂ" አልሁ።

ቀረብ አሉ። ብዙ ቆዩ።

"አዎ" አሉ ሐጂ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፤ "ማሳ ነው።"

ሲወጡ በር ላይ ጠበቁኝና ለቤታቸው እንደዚያው ያለ ማሳ አዘዙኝ፤ ተለቅ ያለ። ሰኞ ወደ ጎባ ላክሁት።