ክቡር ኦርቪል ስልክ አይዘጉም

አንድ አቤት ባይ የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላየሁም። የሀብታም ሰፈር ግቡ፣ የድሃ ሰፈር ግቡ፣ ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ የገዛው ካልሲ አንድ ክር ቢመዘዝ ፋብሪካው ድረስ የሚደውል፣ ሾርባው ለብ ብሎ ቢመጣለት ወጥ ቤት ዘልቆ የሚገባ፣ «ይቅርታ» ሲሉት «ይቅርታው ይቆየኝና አለቃህን አገናኘኝ» የሚል። ሌሎቻችን ያን ሰው ስናይ ዓይናችንን እንሰብራለን። ወንበራችንን ትንሽ ፈቀቅ እናደርግና አብረን እንዳልመጣን ለማስመሰል የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ እንጀምራለን።

የእኛው አቤት ባይ ኦርቪል ታገርት ይባላሉ። እኔ ግን «ክቡር ኦርቪል» ነው የምላቸው፤ በመላው ኩዌል ቤንድ ከመብራት ድርጅቱ እስከ ቆሻሻ አንሺው ያሉትን አለቆች በሙሉ በስማቸው የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸዋ! ኩዌል ቤንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ተራራ ሥር፣ ጥድ መሃል የተሸጎጠች የጡረተኞች መንደር ናት። እኔና ክቡርነታቸው አጥር እንጋራለን። ይህ ማለት የስልክ ንግግራቸውንም እንጋራለን ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ሜትሮሎጂ ደውለው «ለማክሰኞ ዝናብ ብላችሁ ነበር፤ የታለ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚገርመው ነገር ይቅርታ ጠየቋቸው። ሌላ ጊዜ መንገድ ዳር ያለችው ምግብ ቤት የኮክ ኬክ አዘዙ፤ ሲመጣ ሥዕሉን ከዝርዝሩ ላይ አውጥተው ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጡና «እዚህ ላይ ክሬሙ ከጎን ነው፤ እኔ ጋ ከላይ ተደፍቶበታል» አሉ። ባለቤታቸው ሎሬይን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጅጌያቸውን እየጎተተች «ኦርቪል፣ ዝም ብለህ ብላ!» ትላቸው ነበር። አንድም ቀን ዝም ብለው በልተው አያውቁም። የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ክሬግ ደግሞ ከሩቅ ሲያያቸው የመኪናውን ጎማ የሚያይ መስሎ ያጎነብሳል። ያ ሰውዬ በጎማ ምርመራ ወገቡ ተቀጨ።

እኔ ናዲን ደግሞ ፍጹም ተቃራኒያቸው ነኝ። የቀዘቀዘ ሾርባ አመስግኜ እጠጣለሁ። ጫማ ጠቦኝ፣ ጣቶቼ እርስ በርስ ተደራርበው፣ «ልክክ ብሎልኛል» ብዬ ከፍዬ እወጣለሁ። ፀጉር ሠሪዋ ጆሮዬን አቃጥላኝ ጉርሻ ጨምሬ ሰጥቻታለሁ። ስለዚህ በክቡር ኦርቪል የማፍረውን ያህል በማንም አፍሬ አላውቅም። አብሬያቸው ምግብ ቤት የገባሁ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ታዲያ ጉድ የፈላው ባለፈው ዓመት ነው። ከተራራው ማዶ የተነሳው እሳት እኛ ጋ ሳይደርስ ጠፋ፤ ድንጋጤው ግን ኢንሹራንስ ኩባንያው ጋ ደረሰ። ክሬግ አዳራሽ ሰበሰበንና ላቡን እየጠረገ ነገረን። ማኅበሩ ለቤቶቻችን ሁሉ በአንድነት ገዝቶልን የኖረው የጋራ ኢንሹራንስ ሊታደስ አይችልም፣ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ለየቤቱ ራሱ ይፈልግ።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። አብዛኞቻችን የባንክ ብድር አለብን። ቤትህ ኢንሹራንስ ከሌለው ባንኩ በፈለገው ዋጋ ራሱ ይገዛና ዕዳህ ላይ ይቆልለዋል። ያን መክፈል ያቃተው ቤቱን ይሰናበታል። እኔ በአስተማሪ ጡረታ የምኖር ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ ከዚያ ቤት ብወጣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ጋ ደወልኩ። አንዲት ልጅ በለሰለሰ ድምፅ «በእርስዎ አካባቢ አዲስ ደንበኛ አንቀበልም» አለችኝ። እኔም አመሰገንኳት። ጊዜዋን ስላባከንኩም ይቅርታ ጠየቅኳት። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ክቡር ኦርቪል በአጥሩ ላይ ያዩኛል።

«ምን አሉሽ?»

«አንቀበልም አሉኝ።»

«ማን ነው አንቀበልም ያለሽ?»

«አንዲት ልጅ።»

«አለቃዋስ ምን አለ?»

«አለቃዋንማ አልጠየቅኩም። እንዴት አድርጌ?»

ክቡርነታቸው ልጁ ፈተና እንደወደቀበት አባት በሐዘን ተመለከቱኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስልክሽን ይዘሽ ነይ። ውኃም አምጪ፤ ይቆያል» አሉኝ።

የእሳቸው በረንዳ ቢሮ የሆነው ያን ዕለት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ማሰሮ ሎሚናት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ እነዚያ «እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ» እያሉ የሚለቁትን ሙዚቃ ይሰሙ ጀመር። ወሬው ሲዳረስ ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። ከጊዜ በኋላ ሙዚቃውን ብቻ ሰምተን ኩባንያውን ማወቅ ጀመርን። ጊታር ከሆነ ጨካኞቹ ናቸው። ፒያኖ ከሆነ ቶሎ ያነሳሉ፣ ቶሎም እምቢ ይላሉ። ዋሽንቱ ሲመጣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሹራቧን እየሠራች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል።

የእኔ ተራ ሲደርስ መስመሩ ላይ የመጣው አንድ ወጣት ነበር።

«ጌታዬ፣ ከሰማይ ያነሳነው ፎቶ እንደሚያሳየው ግቢው ውስጥ አጥር የሌለው የመዋኛ ገንዳ አለ። በዚህ ምክንያት ልንቀበል አንችልም።»

ክቡርነታቸው ስልኩን ሸፈን አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «መዋኛ አለሽ እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀሽኝ?»

«እኔ? የምን መዋኛ! የገላ መታጠቢያ ገንዳ እንኳ የለኝም!»

ተንጠራርተው ግቢዬን አዩና ሳቃቸው መጣ። ለካስ የማገዶ እንጨቴን ያለበስኩት ሰማያዊ ሸራ ነው።

«ልጄ» አሉት፣ «ያ ገንዳ የምትለው ሸራ ነው። ከሥሩ ያለው እንጨት ነው። የሚዋኝበት ቢኖር ሸረሪት ነው።»

«ሲስተሙ ግን ገንዳ ነው የሚለው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አለቃህን አገናኘኝ።»

«አለቃዬ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ይሰብሰቡ። እኔ እንደሁ የትም አልሄድም፤ ጊዜ ሞልቶኛል።»

ጊታሩ ቀጠለ። ጥላው ከበረንዳው ወርዶ ግቢው መሃል ደረሰ። እኔ በኀፍረት «ይተውት፣ ግድ የለም» እላለሁ፤ እሳቸው ሙጭጭ ብለዋል። በመጨረሻ አለቃው መጣ፤ ፎቶውን አየ፤ ሸራ መሆኑን አመነ። ነገር ግን ግድግዳ ሥር የተከመረ ደረቅ እንጨት ከገንዳም የባሰ ነው አለና ከቤቱ ካልራቀ አልፈርምም አለ። ክቡርነታቸው በዚያ ጉልበታቸው እያቃሰቱ እንጨቱን አንድ በአንድ ወደ ግቢው ጫፍ አጓጉዘው ፎቶ አንስተው ላኩለት። ተቀበሉኝ። እኔም ያን ዕለት ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ ከእሷ ቀጥሎ ማዕዘኑ ላይ ያሉት ባልና ሚስት፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዳንዱ በደህና ዋጋ አገኘ፣ አንዳንዱ ጥርሱን ነክሶ የሚከፍለው ሆነ፣ ግን አገኘ። በመጨረሻ ራሱ ክሬግ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወንበሩን ይዞ ብቅ አለ። ክቡርነታቸው «ጎማህ እንዴት ነው?» ብለው ብቻ ተቀበሉትና ስልኩን አነሱለት።

ይህን ሁሉ ቀን መናገር ግን ጉሮሮ ይፈልጋል። ድምፃቸው መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ሻከረ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪም አያቸውና የድምፅ ጅማታቸው ላይ የበቀለች ትንሽ እብጠት አወጣላቸው። ክፉ ነገር አልነበረም፣ ተመስገን። ነገር ግን እስኪድን ድረስ አንዲት ቃል፣ ሹክሹክታ እንኳ፣ እንዳይወጣቸው ብሎ አስጠነቀቃቸው። ኦርቪል ታገርት እንዳይናገሩ ተከለከሉ! ሰፈሩ ጭር አለ። የምግብ ቤቷ አስተናጋጅ እንኳ መንገድ ላይ አስቁማኝ «ምነው፣ ሰውዬው ተቀየሙን እንዴ?» አለችኝ።

የጋራው ኢንሹራንስ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው በአይብ የተጋገረ መኮሮኒ ይዤላቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሐኪሙ የሰጣቸውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ስልኩ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ዝም ብለው ያዩታል።

«የእርስዎስ ቤት አለቀ አይደል?» አልኳቸው።

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«አላለቀም? አመልክተው አልነበረም እንዴ?»

አመልክተው ነበር። እምቢ ተብለዋል። ሎሬይን በታመመች ጊዜ ቤቱን አስይዘው የተበደሩት ገንዘብ እንዳለ አውቃለሁ። «ታዲያ ድምፅ እያለዎት ለምን አልተሟገቱም?» ብዬ ጮህኩባቸው። እስክሪብቶውን አነሱና ጻፉ።

«ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር።»

አንጀቴን በሉት። መኮሮኒውን አስቀመጥኩና ቤቴ ምድጃ ውስጥ ኬክ እንዳለኝ እያወቅኩ ስልኩን ወደ ራሴ ሳብኩት።

ፒያኖ ነበር። ቶሎ አነሱ።

«ጣራው ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ትልቅ ቆሻሻ ስላለ አንቀበልም» አለኝ ልጁ።

«እሺ፣ አመሰ...» ስል ክቡርነታቸው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «አለቃ!» ተጽፏል።

«አለቃህን... እባክህን... አለቃህን አገናኘኝ» አልኩ።

«አሁን አይመቻቸውም፣ እመቤቴ።»

«እጠብቃለሁ። ጊዜ ሞልቶኛል።»

ማን እንደተናገረው አላውቅም። የእኔ ድምፅ ነበር፤ ቃሉ ግን የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፒያኖው ተጫወተ፣ ተደጋገመ፣ ከእኔ ቤት በኩል የሚያርር ኬክ መሽተት ጀመረ። አልተነሳሁም። ክቡርነታቸው አፍንጫቸውን ወደ ቤቴ እየጠቆሙ በምልክት «ሂጂ» ይሉኛል፤ እኔ ሙጭጭ አልኩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፌልድማን የሚባሉ አለቃ መጡ። ፎቶውን ስልኬ ላይ እንዲልኩልኝ ጠየቅኳቸው፤ ላኩልኝ።

ሁለታችን አጎነበስን። ጣራው አንድ ደረቅ ቅጠል የለበትም፤ ተወልውሏል። ዳር ላይ ግን ረዘም ያለ ቡናማ ነገር ተጋድሟል። በጣቴ አጎላሁት። ቡናማው ነገር ኮፍያ አለው። ጫማም አለው። ክቡር ኦርቪል ታገርት ናቸው! ቱታቸውን ለብሰው፣ በሆዳቸው ተኝተው፣ አሸንዳው ውስጥ የገባውን የጥድ ቅጠል በእጃቸው እየጠረጉ ነው።

ፎቶውን አዩት፣ ደግመው አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሳቅ ይፈቀድላቸው አይፈቀድላቸው ሐኪሙን አልጠየቅንም ነበር። እንባቸውን እየጠረጉ ጻፉልኝ፤ «ቆሻሻው አጠገቤ ተቀምጧል በያት።»

«ወይዘሮ ፌልድማን» አልኩ፣ «ያ ቆሻሻ ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት ናቸው። ጣራቸውን እያጸዱ ነው። አሁን አጠገቤ ሆነው ሰላምታ ያቀርቡልዎታል።»

በዚያኛው ጫፍ አንድ ሳቅ ፈነዳ፣ ሴትየዋ ትንፋሽ አጠራቸው። «ጣራውን በራሳቸው እጅ ነው የሚያጸዱት?»

«ከሚስታቸው ጋር ነበር። አሁን ብቻቸውን ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ፎቶ ላኩልኝ። እሳቸው ግን ይውረዱ።»

በማግስቱ ተቀበሏቸው። ኬኬ ከሰል ሆኗል፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ የጣልኩት ኬክ የለም።

ድምፃቸው የተመለሰ ዕለት በአጥሩ በኩል «ናዲን» ብለው ጠሩኝ። ምስጋና የሚያቀርቡ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካክዬ ሄድኩ። «እባክህን ማለት አልነበረብሽም» አሉኝ። «ስትለማመጪ ያውቁብሻል።» ይኸው ነው ምስጋናቸው። እኔ ግን እላለሁ፤ ጣራ ሥር የማድረው እግዜር ለዚህ ነገረኛ ሽማግሌ ዕድሜ ስለሰጠልኝ ነው፤ ይጨምርላቸው።

ያን ዕለት ማታ ምግብ ቤቷ ወስጄ ጋበዝኳቸው። ሾርባ ቀረበልን። ቀመሱት። ለብ ብሏል። አስተናጋጇ የለመደችውን ልትሰማ ከሩቅ ጠጋ አለች፤ ክቡርነታቸው ሐኪሙ «ቀስ በቀስ» ያላቸውን አስበው ጉሮሯቸውን ያዝ አደረጉ።

እኔ እጄን አነሳሁ። «ልጄ፣ ይህ ሾርባ ቀዝቅዟል። አለቃሽን አገናኚኝ።»

ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ክቡር ኦርቪል ታገርት ግን ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጉና የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመሩ።